ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ የዋለበት ቀን

ሐረር ላይ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። አንዱ ሰፈር ሲቀዳ ሌላው ይጠብቃል፤ በርሜልና ቢጫ ጄሪካን የሌለበት ግቢ የለም። እኔ ያደግሁት ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር ሁሉም የያዘውን ጥሎ በሚሮጥበት ግቢ ነው። እናቴ "መጣ!" ብላ ስትጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማት ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ተምሬ፣ እዚያው ጥቂት ዓመት ሠርቼ፣ የውሃ ሥርጭት ኃላፊ ሆኜ ወደ ከተማዬ ስመለስ ስለ ውሃ ጥበቃ የሚያስተምረኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ቁጡ ነኝ፣ ችኩልም ነኝ። አባቴ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ይለኝ ነበር፤ እሱ ራሱ ሻይ እስኪበርድለት መጠበቅ አቅቶት በየቀኑ ምላሱን የሚያቃጥል ሰው ሆኖ።

የጀጎልንና የዙሪያውን መስመር የሚከፍቱትና የሚዘጉት አንድ አዛውንት ነበሩ። ግንቡ ውስጥ ተወልደው እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ለመውጣት የቀራቸው ሁለት ዓመት አይሞላም ነበር። ደረታቸው ድረስ የሚደርስ፣ ጫፉ ላይ አግድም እጀታ ያለው የብረት ቁልፍ ትከሻቸው ላይ አጋድመው በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ሲያልፉ ሴቶች ከየበሩ ብቅ እያሉ "የኛ መቼ ነው?" ይሏቸዋል። "ሐሙስ፣ ኢንሻአላህ" ብለው ያልፋሉ። ወረቀት የላቸውም። የቱ ቫልቭ በየትኛው ክዳን ሥር እንዳለ፣ ስንት ዙር ሲዞር የላይኛው ሰፈር እንደሚደርሰው፣ ሁሉም ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። እኔን "ልጄ" ነበር የሚሉኝ። በመጀመሪያው ሳምንት "ልጄ፣ ይሄ ቧንቧ በዕድሜ ይበልጥሻል፤ ቀስ ብለሽ ያዢው" አሉኝ። እኔ ደግሞ ቀስ በይ ሲሉኝ የሚብስብኝ ሰው ነኝ።

በሁለተኛው ወር ጠረጴዛዬ ላይ አንድ አቤቱታ መጣ። ከግንቡ ውጭ ያለ አንድ ሰፈር ነዋሪዎች ፈርመውበታል። "የመስመር ሠራተኛው ከፈረቃ ውጭ ለዘመዶቹ ውሃ ይከፍታል" ይላል። እንዲህ ያለው ነገር ከተረጋገጠ ሰውየው ከሥራ ይሰናበታሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ሥራ ነው፤ ጡረታው ደጃፍ ላይ ሲደርሱ "ሌባ ነበር" ተብሎ መባረር ማለት ደግሞ እንደ ጀጎል ባለ፣ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ቦታ፣ ምን እንደሆነ አስረድቼ አልጨርሰውም።

መዝገብ አገላበጥኩ። ከማጠራቀሚያው የወጣውን ውሃ ከፈረቃው ጋር ሳስተያየው እውነትም ከተራ ውጭ የተከፈተባቸው ብዙ ቀናት አገኘሁ። ቀናቱን በቀይ ቀለም አሰመርኩና ሰውየውን አስጠራኋቸው።

"ጋሼ፣ ከፈረቃ ውጭ ይከፍታሉ?"

"እከፍታለሁ" አሉ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳይሰብሩ።

"ለማን?"

"ለቸገረው ነዋ።"

"የቸገረው ማን ነው?"

ትንሽ ገረማቸው። "ልጄ፣ የሐረር ልጅ አይደለሽም እንዴ?" አሉኝ።

እኔ ይህንን ማምለጫ አድርጌ ወሰድኩት። አቤቱታውን አውጥቼ አነበብኩላቸው። "ለዘመዶቹ" የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ፤ ተነሥተውም ወጡ። አንድ ጥያቄ ብጨምር፣ "ምን ሲሆን ነው የሚቸግረው?" ብል ኖሮ ይህንን ሁሉ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር። እሳቸው የሐረር ልጅ ሆኜ የማላውቅ አልመሰላቸውም። እኔ ደግሞ ያደግሁት ከግንቡ ውጭ ነው፤ ከቤታችን በእግር ግማሽ ሰዓት በማይፈጅ ሰፈር ውስጥ የማላውቀው ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

በዚያው ሰሞን ስለ ለውጥ አመራር ሥልጠና ሄጄ ነበር። በሆቴል አዳራሽ፣ በትልልቅ ወረቀትና በባለቀለም እስክሪብቶ፣ ውሳኔ በመረጃ ላይ መመሥረት እንዳለበትና ባለድርሻ አካላት መሳተፍ እንዳለባቸው ተማርኩ። ክፉ ትምህርት አልነበረም። ስመለስ ሰባቱን ቀን ከላይ፣ ሰፈሮቹን ከጎን አድርጌ አንድ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ለሁሉም እኩል። ባለድርሻ አካላትንም ሰበሰብኩ፤ ብቻ የጠራኋቸው ሁሉ ቢሮና ወንበር ያላቸው ነበሩ። ቁልፉን የሚያዞሩት ሰው የዚያን ዕለት ጠዋት መስመር ላይ ነበሩ፣ ማንም አላስታወሳቸውም።

ደንቡ እንዲህ ነበር። የብረት ቁልፉ ከእንግዲህ ቢሮ ውስጥ፣ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ያድራል። ጠዋት በፊርማ ይወጣል፣ ማታ በፊርማ ይመለሳል። ከሰንጠረዡ ውጭ ለመክፈት የእኔ ፊርማ ያስፈልጋል። የቁም ሣጥኑ መክፈቻ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ይህንን ግቢው ውስጥ ሠራተኞቹን አቁሜ ሳነብ አዛውንቱ መሬት መሬት እያዩ አዳመጡኝ። ስጨርስ ቁልፉን ከትከሻቸው አወረዱና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

"እርስዎ እንዳሉ፣ ኃላፊ" አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ "ልጄ" ቀረ። ሁልጊዜ "ኃላፊ"፣ ሁልጊዜ "እርስዎ"። ቅር ቢለኝም ሥራ ነው ብዬ አለፍኩት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ከእኔ በፊት ሦስት ኃላፊ ያየች የጀጎል ሴት፣ ሻይ ይዛልኝ ገብታ "አቦ፣ እኚህን ሰውዬ እንዲህ አታስሪያቸው" አለችኝ። "ሥርዓት ነው" አልኳት። ሻዩን አስቀምጣ ወጣች።

እውነቱን ልናገርና፣ ሰንጠረዡ ሠራ። ከግንቡ ውጭ ተራው ሲደርስ ቀኑ ግማሽ ላይ የሚቋረጥበት ሰፈር ሙሉ ቀኑን አገኘ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ባለሱቆች አስቁመው አመሰገኑኝ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ አቤቱታ አልመጣም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔም እየሳቅሁ ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ የቀረው ያ የመጀመሪያው አቤቱታ ብቻ ነው። ሰውየውን ለማባረር ልቤ እምቢ ስላለኝ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ልጽፍላቸው ወሰንኩ። "ለዘመድ አዝማድ ከፈረቃ ውጭ ውሃ በመክፈትዎ" ብዬ ጀምሬ፣ ጨርሼ፣ ፊርማ ብቻ ቀርቶት ማክሰኞ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ረቡዕ ማጠራቀሚያው የሚሞላበት ቀን ነው፤ ምንም መስመር አይከፈትም። ስለዚህ ቁልፉ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። እኔ በጠዋት አዲስ የሚዘረጋ መስመር ለማየት ወደ ድሬ ጠያራ ገጠር ወረድኩ። ቦርሳዬ ከእኔ ጋር ነው። ከመንገዱ ገባ ስንል ስልኬ ኔትወርክ አጣ፤ እኔም ደስ አለኝ፣ ለአንድ ቀን ማንም አይጨቀጭቀኝም ብዬ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስንመለስ ፈረስ መጋላ በባጃጅ ተጨናንቆ አገኘነው። ባጃጆቹ የጫኑት ሰው ሳይሆን ጄሪካን ነው። መተላለፊያው ሲጠብባቸው ይቆማሉ፤ ሰዎች ጄሪካኑን እየተቀባበሉ ዳገቱን ይሮጣሉ። የመኪናውን መስኮት አውርጄ አንዱን ባለባጃጅ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ሰው ሞቶ ጀናዛ አለ አቦ። ላይኛው ሰፈር ጠብታ ውሃ የለም። ውሃ መሥሪያ ቤት ቆልፎባቸው ነው" አለኝ። እኔ ማን እንደሆንኩ አላወቀም።

ስልኬን አወጣሁ። ከቢሮ ብዙ ጊዜ ተደውሎልኛል።

ቢሮ ስደርስ የመዝገብ ቤቷ ሴት በር ላይ ቆማ ነበር። "ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት እናት ዐረፉ" አለችኝ። "የሰፈሩ ተራ ቅዳሜ ነው፣ በርሜሎቹ ባዶ ናቸው። አፎቻው እንደ ወትሮው ሰውዬው ጋ ላከ።" አፎቻ የሚሉት የሐረሪዎችን የለቅሶና የሠርግ ማኅበር ነው፤ እኛ ዕድር እንደምንለው።

"እንደ ወትሮው ምን ማለት ነው?"

አየችኝ። "አታውቂም እንዴ? ሰው ሲሞት ይከፍታሉ። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ። ጀናዛው መታጠብ አለበት፣ በዕለቱ መቀበር አለበት። ለሶላት የሚመጣው ሕዝብ ሁሉ ከመስገዱ በፊት ይታጠባል፣ ውዱእ ያደርጋል። ቦቴ እዚያ ቅያስ ውስጥ አይገባም። ለሠርግ ብትለምኛቸው አይከፍቱም፤ ሠርግ ቀኑ ይታወቃል፣ አስቀድማችሁ ቅዱ ነው የሚሉት። ለሞት ብቻ ነው።"

ግድግዳዬ ላይ ወደለጠፍኩት የቀናት ዝርዝር ሄደች። በቀይ ያሰመርኳቸው ላይ ጣቷን አሳረፈች። "ይሄ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ የሞቱ ዕለት ነው። ይቺ በወሊድ የሄደችው። ይሄ የቁርኣን አስተማሪው። ይሄን አላስታውሰውም... አዎ፣ ይሄ መኪና የገጨው ልጅ።"

ቀይ ያደረግኋቸው ቀናት በሙሉ ሰው የሞተባቸው ቀናት ነበሩ።

"ታዲያ ዛሬ ለምን ቁም ሣጥኑን አልሰበራችሁትም?" ብዬ ጮህኩባት። ሌላ የምጮህበት ሰው ስላጣሁ ነው።

"ጥበቃው መዶሻ አምጥቶ ነበር። እሳቸው እምቢ አሉ። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ስልክሽን ጠበቁ። ከዚያ ሁለት ጄሪካን ከጓሮ አንስተው ሄዱ።"

ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ቁልፉን አውጥቼ የሌላ መስመር ሠራተኛ ይዤ ሮጥኩ። ክዳኑን አገኘነው፣ ቫልቩንም አዞርነው። ውሃው ግን ወደ ታችኛው ሰፈር ተለቀቀ። መጀመሪያ የታችኛውን መዝጋት እንደሚያስፈልግ፣ የሚዘጋውም በሌላ ክዳን ሥር እንደሆነ፣ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እኛ ክዳን ስንፈልግ ሰዓቱ ሄደ። ውሃው ላይኛው ሰፈር ሲደርስ ጀናዛው ወጥቷል።

ከቀብር መልስ የመዝገብ ቤቷ ሴት ወደ ለቅሶው ቤት ወሰደችኝ። የማን ቤት እንደሆነ ስጠይቃት "ገብተሽ እዪው" አለችኝ። ሰፊው ክፍል ውስጥ ሰዎች ከፍ ዝቅ ባሉት መደቦች ላይ ተቀምጠዋል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ዋናው ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት፣ ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ እጁን በሚጨብጥበት ቦታ የተቀመጡት የእኔ አዛውንት ናቸው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ረጥቧል። የሞቱት ታላቅ እህታቸው ነበሩ።

"አላህ ያጽናችሁ" አልኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፤ አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀስ ብዬ "ጋሼ፣ ምነው ቢሰብሩት?" አልኳቸው።

"ለሌላ ሰው ቢሆን እሰብረው ነበር፣ ወላሂ" አሉ። "ቁጣዎን አልፈራም። የኔ እህት ሆነች እንጂ። ለዘመዱ ይከፍታል ተብሎ ተጽፎብኛል፣ ራስዎ አንብበውልኛል። ዛሬ ብሰብረው ያ ወረቀት እውነት ይሆን ነበር።"

እዚያው አለቀስኩ። ሴቶቹ ለሟቿ መስሏቸው "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሉኝ። ለእሳቸውም ነበር፤ ይበልጥ ግን በራሴ አፍሬ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ለሰው ቤት ሐዘን ውሃ የከፈቱ ሰው ለገዛ እህታቸው ጀናዛ ውሃ በጄሪካን የተሸከሙት እኔ አንድ ጥያቄ ስላጎደልኩ ነው።

በማግስቱ ማስጠንቀቂያውን ቀደድኩት። አቤቱታው ላይ "ተጣርቷል፤ ሠራተኛው ለዘመድ አልከፈቱም" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤ ግልባጩንም በእጃቸው ሰጠኋቸው። አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። "ደግ፣ ኃላፊ" አሉ። 

ሐዘናቸው ሲወጣ ሁለተኛ ስብሰባ ጠራሁ። አሁን አዳራሽ አልተከራየሁም። ግቢያችን ውስጥ አግዳሚ አስወጥቼ የአፎቻና የዕድር መሪዎችን፣ የመስመር ሠራተኞችን በሙሉ አስቀመጥኩ። ጥፋቴን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ያኔ አቤቱታውን ከጻፈው ሰፈር የመጡ አንድ የዕድር ዳኛ ተነሡ። "ሐዘናቸው ሐዘናችን ነው" አሉ። "ግን እኛም እንቀብራለን። ለኛ ማን ከፍቶልን ያውቃል?"

አዛውንቱ ቀና አሉ። "እኔ ጋ ማንን ላካችሁ?"

የዕድሩ ዳኛ ተመልሰው ተቀመጡ። ማንም ልኮ አያውቅም፤ መላክ እንደሚቻል የሚያውቅ አልነበረማ። ግንቡ ውስጥ ያለው ሁሉም ሰው ያውቃል ብሎ ያስባል፣ ከግንቡ ውጭ ያለው ተደብቆብኛል ብሎ ያስባል። አቤቱታው ውሸት ነበር፣ ብሶቱ ግን እውነት ነበር። የእኔ ሰንጠረዥም ልክ ነበር፣ ሞት የሚባል ነገር ረሳ እንጂ።

የዚያን ቀን የተስማማንበት በአንድ ገጽ አለቀ። ሰው ሲሞት የአፎቻው ወይም የዕድሩ መሪ ለመስመር ሠራተኛው ይደውላል፤ እሱ ለሁለት ሰዓት ይከፍታል፣ ለእኔ በኋላ ይነግረኛል። ቁልፉ ወደ ሠራተኛው ትከሻ ይመለሳል። የእያንዳንዱ ቫልቭ ቦታና ዙር ይጻፋል። ለዚህ አዛውንቱ ተስማምተው፣ ለሦስት ሳምንት ከኋላቸው እየተከተልን ክዳን ስንቆጥር ከረምን። የስብሰባው ዕለት ልንበተን ስንል ግን እሳቸው እጃቸውን አነሡና አንድ ነገር እንድንጨምር ጠየቁ።

"የገዛ ቤቱ ሐዘን ከሆነ ሠራተኛው ራሱ አይክፈት፣ ራሱም አይጠይቅ። ሌሎች ይጠይቁለት፣ ጓደኛው ይክፈትለት።"

ጻፍነው። ክርክር አልነበረም።

አሁንም ለውጥ የምወድ ችኩል ነኝ። ብቻ አንድ ልማድ ላስቀር ስል ቀድሜ እጁ በሥራው ላይ ካለው ሰው ዘንድ ሄጄ "ይህንን ከነገ ጀምሮ ብናቆመው መጀመሪያ የሚቸገረው ማን ነው?" እላለሁ። መልሱ ካልገባኝ ደግሜ እጠይቃለሁ፣ ሰው ቢሰለችም።

በሚቀጥለው ዓመት አባቴ ሞተ። ሰኞ ጠዋት ነው፤ የሰፈራችን ተራ ሐሙስ ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ የዕድሩ ሴቶች ድስትና ሳህን ይዘው መጡ፣ ግቢው በሰው ሞላ። አንዱ በርሜል ባዶ ነው፣ ሌላው ከግማሽ በታች። አክስቴ በርሜሎቹን አንኳኩታ መጣችና "አንቺ የውሃ ኃላፊ አይደለሽም እንዴ? ደውዪ እንጂ!" አለችኝ።

ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ቁጥራቸውንም በቃሌ አውቀዋለሁ። "አልደውልም" አልኳት። እንደ ልበ ድንጋይ አየችኝና ሄደች። ጣቴ ግን ስልኩ ላይ እንደነበረ አልደብቅም። ያኔ ነው እኚያ ሰው በዚያ አግዳሚ ላይ፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት፣ እንዴት እንደተቀመጡ የገባኝ።

ብዙም ሳይቆይ የጓሮው ቧንቧ አንኮራፋ። አየር ተፋ፣ ቀይ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። "መጣ!" አለ አንድ ሰው፤ ሴቶቹ ጄሪካን ይዘው ተንጋጉ። ወደ በር ወጣሁ። መንገዱ ዳር፣ ክዳኑ አጠገብ፣ አዛውንቱ ጎንበስ ብለው የመጨረሻዎቹን ዙሮች ይቆጥራሉ። የዕድራችን ዳኛ ነበሩ የደወሉላቸው። ጡረታቸው አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

ቁልፉን አጥሩ ላይ አስደግፈው ወደ ድንኳኑ ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። እጄን ያዙኝ።

"እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ" አሉኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ሁለት ሰዓት ነው የከፈትኩት። በርሜሎቹ ቶሎ ይሞሉ፤ ከዚያ ለባለተራው እመልሰዋለሁ" አሉ።